ያረጀ አይሱዙ ውሃ ፓምፕ፦ መርምሮ መለየትና መቀየር

ከቃሊቲ እስከ ገላን፣ ከቡራዩ እስከ ለገጣፎ ባሉ ጋራዦች ጠዋት ካቢኑ ተገልብጦ የምታዩት አይሱዙ ብዙ ጊዜ ስሞታው አንድ ነው። ሞተር ይሞቃል። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ሻይ ሊጠጣ ጎራ ያለው ጎረቤት ሳይቀር «ውሃ ፓምፑ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ፓምፑ ይቀየራል። ብዙም ሳይቆይ መኪናው እዚያው ተመልሶ ይቆማል፤ አዲሱ ፓምፕም ይሰደባል።

ፓምፕ አይበላሽም ማለቴ አይደለም። ይበላሻል፣ ያውም ብዙ። ግን ሲበላሽ ምልክት ያሳያል። ምልክቱን ሳያዩ መፍታት ብር ማባከን ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ ስለ ምርመራ ነው። መፍታትና መግጠሙ መፍቻ ለለመደ እጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የምጽፈው ኤንፒአር (NPR) የሚባለውን የአይሱዙ የጭነት መኪና እያሰብኩ ነው። ፓምፑ ከሞተሩ ፊት ለፊት ያለ፣ በቺንጊያ (በላስቲክ ቀበቶ) የሚዞር፣ ፋኑንም (ማራገቢያውንም) እራሱ ላይ የተሸከመ ማንኛውም አሮጌ የናፍጣ መኪና ላይ ግን ይሠራል።

ከፍታው ያታልላል

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፤ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ወደ ሱሉልታ ስትወጡ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የብዙዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው) 82 ላይ መከፈት ይጀምርና ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። የራዲያተር ክዳኑን ከፍታችሁ ሞተሩን ብታስነሱ፣ ጤነኛ ሞተር እንኳ ቴርሞስታቱ በደንብ ሳይከፈት ውሃው ሊንተከተክ ይችላል። «ይኸው ፈላ!» ተብሎ ፓምፕ የሚፈታው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ውሃውን ከመፍላት የሚይዘው ክዳኑ ነው። 0.9 የሚል (የሚይዘው ግፊት መጠን ነው) የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን በትክክል ከያዘ፣ በዚህ ከፍታ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ያንን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ክዳኑን አገላብጣችሁ እዩ። ላስቲኩ ከደረቀ ወይም የአፉ ቅርጽ ጠልቆ ከታተመበት በዚያው ቁጥር አዲስ ግዙ። ከፓምፕ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ሞተሩ ግሎ ሳለ ክዳን አይከፈትም። በጨርቅ ይዞም አይከፈትም። ብዙ ረዳቶች ክንዳቸው ላይ ያለው ጠባሳ ከዚህ የመጣ ነው። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨበጥ አድርጉት። ጠንከር ካለ ውስጡ ግፊት አለ ማለት ነው፤ ጠብቁ።

ፓምፑ የሚሰጣቸው ምልክቶች

ካቢኑን ገልብጡ። መጀመሪያ ከውስጥ የላላ ዕቃ ሁሉ አውጡ፤ የተረሳ ጠርሙስ መስታወቱን ሲሰብር ያየ ያውቀዋል። ደጋፊው ብረት ቦታው ገብቶ መቆለፉን በዓይናችሁ ሳታረጋግጡ ከሥሩ አትግቡ።

ከፓምፑ አንገት ሥር፣ በፑሌጃው (ቺንጊያው በሚዞርበት ክብ ብረት) እና በአካሉ መካከል፣ ትንሽ ቀዳዳ አለች። የተሠራችው ሆን ተብሎ ነው። ውሃውን የሚያግደው ማሸጊያ («ሲል» የሚባለው) ሲያረጅ ውሃው ዘንጉን ተሸክሞ ወደሚያዞረው ኩሽኔታ እንዳይሄድ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። ጣታችሁን ወይም ነጭ ጨርቅ ከሥሯ አስገቡ። የደረቀ፣ ያረጀ ቀለም ብቻ ካለ አትደንግጡ። እርጥብ ከሆነ፣ ጠብታ ካለ ወይም ከሥሯ ወደ ታች የወረደ ትኩስ የዝገት ወይም የኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) መስመር ካለ ፓምፑ ጊዜው አልቋል። ይህችን ቀዳዳ በሲሊኮን ወይም በብሎን የደፈነ መካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ኩሽኔታውን ይበላዋል። ከዚያ ፋኑ ተነቅሎ ራዲያተሩን ይመታል።

ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ተነቅሎ፣ ፋኑን በሁለት ጫፉ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት። ፋኑ ከፓምፑ ዘንግ ጋር አብሮ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ዘይት ያለበት ክለች ያለው ፋን በራሱ ትንሽ ሊወዛወዝ ስለሚችል ጥርጣሬ ካላችሁ ቺንጊያውን ፈትታችሁ ፑሌጃውን ራሱን ይዛችሁ ሞክሩ። በእጅ ስታዞሩትም ለስላሳ መሆን አለበት። አሸዋ ውስጥ የሚሽከረከር ያህል ከተሰማችሁ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ።

ድምፅ ከሆነ ስሞታው፣ ረጅም ካቻቢቴ ውሰዱ። ጫፉን ፓምፑ አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሯችሁ አጠገብ። ሸሚዝ እጅጌ፣ ነጠላ፣ ፎጣ፣ ምንም የሚንጠለጠል ነገር ከፋኑ አጠገብ እንዳይኖር። በዚያው ቺንጊያ የሚዞረው፣ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞም ይጮሃልና እሱንም በዚያው መንገድ አዳምጡ። መለየት ካቃታችሁ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ቺንጊያውን አውጡና ለግማሽ ደቂቃ ብቻ አስነሱ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ከቺንጊያው ጋር ከሚዞሩት አንዱ ነው። ከዚያ ሁለቱንም በእጅ አዙሮ መለየት ቀላል ነው።

አስቸጋሪው ዓይነት የማያፈስ፣ የማይጮህ፣ ግን ውሃ የማይገፋ ፓምፕ ነው። ውስጥ ያለው ውሃ ገፊ ክንፍ በዝገት ተበልቶ አልቋል፣ ወይም ዘንጉ ላይ ላልቶ መንሸራተት ጀምሯል። ቆሞ ሲሠራ ደህና ይመስላል። አሸዋ ጭኖ ዳገት ሲይዝ ይሞቃል። ሞተሩን ከቅዝቃዜ አስነስታችሁ የላይኛውና የታችኛው ቱቦ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። መጀመሪያ ሁለቱም ቀዝቃዛ ናቸው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የላይኛው በአንድ ጊዜ ይሞቃል፤ የታችኛውም ቆይቶ ለብ ይላል። ቴርሞስታቱ ደህና ሆኖ፣ ራዲያተሩም ንጹህ ሆኖ፣ የላይኛው እጅ የሚያቃጥል የታችኛው ግን ጭራሽ ቀዝቃዛ ሆኖ ከቀረ ውሃው እየዞረ አይደለም።

ጌጁንም ሙሉ በሙሉ አትመኑ። መርፌው ቀይ ጋ ደርሶ በድንገት ዝቅ ካለ ሞተሩ በረደ ማለት ላይሆን ይችላል። ውሃው አልቆ ሴንሰሩ ባዶ አየር ውስጥ ሲቀርም እንዲሁ ያደርጋል። ያኔ ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ወዲያው ከተጨመረበት ደግሞ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፓምፕ የሚመስሉት

የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) የቆረጠ ሞተር ከሁሉ በላይ ከፓምፕ ጋር ይምታታል። መለያው ጊዜ ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ያደረ፣ የቀዘቀዘ ይሁን። አስነሱት። በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ እንደ ብረት ከደደረ፣ ውሃው ገና ለብ ሳይል ግፊት የፈጠረው የሚቃጠለው ጋዝ ነው። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሲታይም ገና ከመነሻው ያልተቋረጠ አረፋ ይወጣል። የዘይት መለኪያው ላይ የወተት ሻይ የመሰለ ነገር ካያችሁ ጉዳዩ ከፓምፕ በላይ ነው።

የተደፈነ ራዲያተር መኪናው ባዶውን ሲሄድ ደህና ነው፤ ጭነት ሲኖር ይሞቃል። ከፊት በኩል በጭቃና በገለባ የተሸፈነም እንዲሁ። በደረቅ ወራት በእነዚህ የጠጠር መንገዶች የሚመላለስ መኪና ፊቱን በዝቅተኛ ግፊት ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ማጠብ ብቻ የሚያድነው ጊዜ ብዙ ነው። የላላ ቺንጊያ ሌላው ነው፤ ስታስነሱና ነዳጅ ስትሰጡ ይጮሃል።

ቴርሞስታትን ድስት ውስጥ ከትቶ መሞከር የታወቀ ነው። ያው ከፍታው እዚህም ይገባል። በእኛ ድስት ውሃው ከ92 ስለማያልፍ ቴርሞስታቱ መከፈት መጀመር አለበት እንጂ እስከ መጨረሻው ላይከፈት ይችላል። በዚህ ምክንያት ጤነኛውን አትጣሉ። ጭራሹን አውጥቶ መጣሉን ግን አልስማማበትም። ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ የተወሰነው ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ስለሚመለስ፣ ዳገት ላይ ጭራሽ የባሰ ይሞቃል።

ሲገዙ

ፓምፑ መሆኑ ከታወቀ የሞተሩን ዓይነት ከብሎኩ (ከሞተሩ ዋና አካል) ላይ አንብቡ። ኤንፒአር ሁሉ አንድ አይደለም። 4ቢዲ1 እና 4ኤችኤፍ1 ስማቸው ቢቀራረብም ፓምፓቸው አይለዋወጥም። ከተቻለ አሮጌውን አውጥታችሁ ይዛችሁ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት መርካቶ ሶማሌ ተራ ሂዱ። ሁለቱን ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ አስቀምጡ። የብሎን ቀዳዳው፣ የፑሌጃ መቀመጫው ከፍታ፣ የክንፉ ጥልቀት፣ ፋን የሚታሰርባቸው ብሎኖች እኩል መሆን አለባቸው። የፑሌጃው ከፍታ ትንሽ እንኳ ከተለየ ቺንጊያው ጠሞ ይሄዳል።

ካርቶኑን አትመኑ፤ ካርቶን ማተም ቀላል ነው። ዘንጉን በእጃችሁ አዙሩት። በሲሉ ምክንያት ጠበቅ ማለቱ ጥሩ ነው፤ መንገጫገጭ ግን አይገባውም። የአሮጌው ክንፍ ተቀልጦ በቅርጽ የተሠራ ወፍራም ብረት ሆኖ አዲሱ ከስስ ላሜራ የተቆረጠ ከሆነ እኔ አልገዛውም። ያገለገለ ፓምፕም አልመክርም። የወጣበትን መኪና ማን ያውቃል?

አብራችሁ የፓምፑን ጓርኒሲዮን፣ ቺንጊያ (ጥንድ ከሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ)፣ ቴርሞስታት፣ ፋሸታዎችና (የቱቦ ማሰሪያዎችና) ኩላንት ያዙ። ቱቦዎቹ ሲጨበጡ ከተልፈሰፈሱ ወይም ከተሰነጠቁ እነሱንም። ለዚሁ ተብሎ ሁለተኛ ከመፍታት ይሻላል።

ማውጣት

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ።

ሳፋ ከሥር አድርጋችሁ የራዲያተሩን የታችኛውን መክፈቻ ክፈቱ፣ ከዚያ ክዳኑን። ከብሎኩ ጎን ያለውን ማፍሰሻም አትርሱ፤ ግማሹ ውሃ እዚያ ነው ያለው። ከ10 ሊትር በላይ ስለሚወጣ ትልቅ ሳፋ ያስፈልጋል። ኩላንት ያለበትን መሬት ላይ አትልቀቁት። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ውሻም ከብትም ይጠጡታል፣ ይገድላቸዋል። ከከተማው ዳር ከብት ጋራዥ በር ላይ ነው የሚያልፈው።

አሁን አንድ ዘዴ። ቺንጊያውን ከማላላታችሁ በፊት የፋኑንና የፑሌጃውን ብሎኖች አንድ ዙር ፈታ አድርጉ። ቺንጊያው ጠብቆ ፑሌጃውን ስለሚይዝላችሁ አይዞርባችሁም። ካላላችሁት በኋላ ፑሌጃ በካቻቢቴ እየያዙ መታገል ነው።

የፋኑን መከለያ ፍታችሁ ወደ ሞተሩ ግፉት። በፋኑና በራዲያተሩ መካከል ጠንካራ ካርቶን አቁሙ፤ የፋን ክንፍ አንዴ ከነካው ቀዳዳ ነው። ፋኑን አውጡ። ክለች ያለው ከሆነ በቆመበት አኳኋን አስደግፉት፣ አታጋድሙት። የፋኑን ክንፎች አንድ በአንድ እዩ። የታጠፈ ወይም ጫፉ የተሰበረ ካለ አሮጌውን ፓምፕ የገደለው እሱ ሊሆን ይችላል። ሚዛን የሌለው ፋን ኩሽኔታውን ቀን ከሌት ይደበድበዋል።

ዲናሞውን አላልታችሁ ቺንጊያውን አውጡ። የተጣበቀ ቱቦ ላይ አትታገሉ። የሚቀየር ከሆነ በምላጭ ርዝመቱን ሰንጥቃችሁ ላጡት።

የፓምፑ ብሎኖች ርዝመት ይለያያል። ካርቶን ላይ የፓምፑን ቅርጽ ሳሉ፣ የፈታችሁትን ብሎን በየቦታው ሰክታችሁ አስቀምጡ። ረጅሙ ብሎን አጭሩ ቦታ ሲገባ ወይ ብሎክ ይሰነጥቃል ወይ ጠብቆ የመሰለ ላልቶ ይቀራል። የዛገ ብሎን ካለ ዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ ጠብቁ። ራሱን በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ መፍታት። ካልሆነ እንደገና። ጉልበት ብቻ ከተጠቀማችሁ አንገቱ ይቀጠሳል። ከተቀጠሰ ቺዝል አታንሱ። የሚወጣ ጫፍ ካለው በያጅ ጠርታችሁ ዳዶ አስበይዱበት፤ ሙቀቱ ራሱ ያላቅቀዋል።

ፓምፑ በእንጨት ወይም በላስቲክ መዶሻ መታ መታ ሲደረግ ይለቃል። በሁለቱ ፊቶች መካከል ካቻቢቴ ማስገባት ክልክል ነው። የተጫረ ፊት ሁልጊዜ ያፈሳል።

መግጠም

ቀዳዳው ውስጥ በባትሪ መብራት እዩ። ቀይ ጭቃ፣ የዝገት ፍርፋሪ፣ የአሮጌ ሲሊኮን ቁራጭ ካለ በውሃ ቱቦ እስኪጠራ እጠቡ። አዲስ ፓምፕ በቆሻሻ ላይ መግጠም ሲሉን በጥቂት ጊዜ ማስበላት ነው።

ከዚያ ቀዳዳውን በንጹህ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ አሮጌውን ጓርኒሲዮን በቀጭን መፋቂያ አንሱ። የሚሽከረከር የሞረድ ድንጋይ (ግራይንደር) አታስጠጉ። ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ማለስለስ ይበቃል። ጨርቁን ማውጣት አትርሱ። እስቃለሁ፣ ግን ይረሳል።

ጓርኒሲዮኑን እንዳለ ወይም በጣም ስስ ሲሊኮን ቀብታችሁ አስቀምጡ። «እንዳያፈስ» ተብሎ በጣት ውፍረት የሚቀባው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ይጨመቅና ተቆርጦ ራዲያተሩን ይደፍናል። ሁሉንም ብሎኖች በእጅ ጀምሩ፣ ከዚያ በመስቀለኛ እየተፈራረቁ በሁለት በሦስት ዙር አጥብቁ። 8 ሚሊሜትር ውፍረት ላላቸው ብሎኖች ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ቶርክ መለኪያ ከሌላችሁ አጭር መፍቻ፣ በእጅ አንጓ ጉልበት ብቻ፤ ቧንቧ አትጨምሩበት። ሲጨርስ ዘንጉን አዙሩ። ከነካ ወይም ከያዘ ፍቱት።

ፑሌጃና ፋኑን ስትመልሱ የፋኑ ፊት ወዴት እንደነበር ልብ በሉ። ተገልብጦ የታሰረ ፋን ይዞራል፣ ነፋስም ያለ ይመስላል፣ ግን ሥራውን በደንብ አይሠራም።

አብዛኛው አዲስ ፓምፕ የሚሞተው ቺንጊያው ላይ ነው። ዲናሞውን በብረት ዘንግ ገፍቶ እንደ ክራር ጅማት መወጠር የለመደ አለ። ኩሽኔታው ያንን አይችልም። ረጅሙ ክፍል መሃል ላይ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት 10 ሚሊሜትር አካባቢ መግባት አለበት።

ውሃ መሙላት

ከከተማው ዳር ብዙዎቻችን የምንጠቀመው የጉድጓድ ውሃ ነው። ማዕድን ይበዛዋል። ውስጥ ቅርፊት ይሠራል፣ ሲሉንም ይፍቃል። ለባትሪ የሚሸጠውን ዲስትልድ ውሃ ከኩላንት ጋር ግማሽ በግማሽ ደባልቁ። «እዚህ በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» የሚል አለ። ዝገት ይከላከላል፣ የመፍሊያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል። በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሱሉልታ ላይ ያደረ ሰው ደግሞ ስለ ውርጩ ይነግራችኋል።

ከተቻለ የመኪናው ፊት ትንሽ ከፍ ይበል፤ አየሩ ወደ ራዲያተሩ አፍ ይወጣል። የካቢን ማሞቂያ ካለው ክፈቱት። ቀስ ብላችሁ ሙሉ። ቱቦዎቹን እየጨመቃችሁ አየር አስወጡ። ክዳኑ ክፍት እያለ አስነሱና ውሃው ዝቅ ሲል ጨምሩ። የላይኛው ቱቦ ሞቅ ማለት ሲጀምር፣ ሳይፈላ፣ ክዳኑን ዝጉ።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከዚያች ትንሽ ቀዳዳ ጠብ ጠብ ቢል ወዲያው አትፍቱ። አዲስ ሲል እስኪቀመጥ እንዲህ ያደርጋል። ማቆም ግን አለበት።

መጀመሪያ ባዶውን፣ በቅርብ መንገድ ሞክሩ። ከዚያ ዳገት። ከጉለሌ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ የማቀዝቀዣውን ሥርዓት ከምንም በላይ ይፈትናል። መርፌው መሃል አካባቢ ከረጋ ጭነት መያዝ ይቻላል።

በማግስቱ ጠዋት ቀዝቃዛውን ክዳን ከፍታችሁ መጠኑን እዩ፤ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ይጎድላል፣ ሙሉት። ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላ አዲሱ ቺንጊያ ስለሚለጠጥ እንደገና በአውራ ጣት ለኩት። ለረዳቱም የተደባለቀ ኩላንት በትንሽ ጄሪካን ስጡት፣ ከወንዝ የሚቀዳ ውሃ እንዳይጨምር። ጄሪካኑ ላይ «የመኪና» ብላችሁ በደማቅ ቀለም ጻፉበት፤ መንገድ ላይ የጠማው ሰው ሊያነሳው ይችላል።